የጀልባዋ ቀኝ ጎን

አብሮ አደጌ፣ እንደምን ከርመሃል? የፖስት ካርዱ ፎቶ አያታልልህ፤ እኔ ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቀብሩ ላይ ያልደረስኩለት አጎቴ የተዋትን ጀልባ ለገዢ እያዘጋጀሁ ነው። ከሥሯ ተንጋልዬ፣ የተሠራችበትን ፋይበር ግላስ እንዳልቧጭረው እየፈራሁ የሆዷን አሮጌ ቀለም እፍቃለሁ። እኛ ቤታችንን ዕድሜ ልክ ያንኑ ቀለም እንቀባለን፤ እሱ ግን ቀለሙ የቱ ጋ እንደሳሳ እንዲለይ በየዓመቱ ሌላ ቀለም ነበር የሚደርብባት።

በግራ ጎኗ ሰባት ቀለም ቆጠርኩ። በቀኟ ስድስት ነው፤ አረንጓዴው የለም። የጀልባ ማቆሚያውን ዘበኛ ብጠይቀው፣ "የዚያን ዓመት ግራውን ብቻ ቀባ። 'ቀኙ የእህቴ ልጅ ድርሻ ነው፣ እመጣለሁ ብሎኛል' አለ። ጠብቆ ጠብቆ ሲያቅተው እንዲሁ ውኃ ውስጥ አስገባት" አለኝ።

ትዝ ይልሃል? "ሂድ እንጂ፣ ሽማግሌውን አታስጠብቀው" ስትለኝ "ለከርሞ ይደርሳል" ያልኩህ ያኔ ነው።

ቦታ አለቀብኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፣ ልጆቹንም እቀፍልኝ። ግራው ገና ነው፤ ቀኙን ግን ዛሬ ጨረስኩ። አንድ ቀለም ስለሚጎድለው ቶሎ አለቀልኝ።