ጠረጴዛው ሥር

መስከረም 9
የዲግሪዬ ቀለም ሳይደርቅ ሥራ ጀመርኩ! የልዩ ፍላጎት መምህር… ቁርስ ላይ ቤተሰቡን መረመርኩ። እህቴ፦ ትኩረት ማጣት። አባዬ ሲጠሩት ዝም… የመስማት ችግር? እማዬ ሳቀች።
«አባትህ የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው። የአንተ ካልሲ ደግሞ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ እሱስ ምን ይባላል?»

መስከረም 10
ክፍሌ ውስጥ አንዲት ሚጢጢ ልጅ አለች። ስትጠራ አትዞርም። አሃ፣ ጆሮዋ ይከብዳታል! በደንብ እንድትሰማኝ ከኋላ አንስቼ ፊት ለፊት፣ በሩ ጋ አስቀመጥኳት። ጎበዝ ነኝ።

መስከረም 12
ጎበዝ አይደለሁም። ደወል በተደወለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ገብታ ትጮኻለች። ልጆቹ «ድመቷ» ብለዋታል። ለርዕሰ መምህሯ «ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው።
«ትናንት ትኩረት ማጣት፣ ከትናንት ወዲያ ጆሮ… ልጄ፣ ስንት ስም ልታወጣላት ነው? እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ካልተረጋጋች እናቷን ጠርቼ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ እላለሁ።»
ስምንት ቀን ብቻ አለኝ።

መስከረም 13
መጽሐፎቼን አገላበጥኩ። እሷን ልክክ አድርጎ የሚገልጽ ገጽ የለም። እኔን የሚገልጹ ግን… ሞልተዋል።

መስከረም 20
ዓርብ ደረሰ። ቢቸግረኝ አብሬያት ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ግማሼ ገባ፣ መቀመጫዬ ውጭ ቀረ። ደወሉ ጮኸ… ኧረ በሕግ አምላክ! ለካ የተሰቀለው በሩ አናት ላይ ነው። እዚያ ሥር የወተፍኳት ደግሞ እኔው! ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። እሷ የራሷን ጆሮ ትታ የኔን በሁለት እጇ ደፈነችልኝ።
ርዕሰ መምህሯ ከተፍ አሉ።
«ምነው ልጄ፣ አንተንም ጀመረህ?»
«እትዬ፣ እስቲ ይግቡ።»
«ወዴት?!»
ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ደወሉን የሚደውለው ዘበኛ እንደ ልማዱ ደገመው።
«ወይኔ ጆሮዬ! ይሄን ሰውዬ ምን በደልነው?»
ጆሮዋ አይከብዳትም፤ ከሁላችንም በላይ ትሰማለች። ስትጠራ የማትዞረውስ? ጫጫታው ሁሉ እኩል እየገባባት ይሆን? የችግሩን ስም ገና አላውቅም። ሰኞ ከእናቷ ጋር ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ።
ርዕሰ መምህሯ ከሥር ሆነው ወሰኑ። «የሚሄደው ልጅቷ ሳትሆን ደወሉ ነው። አሁን ጎትተህ አውጣኝ።»

ጥቅምት 8
ዘበኛው በደወሉ ፈንታ በየበሩ ቢጫ ጨርቅ ያውለበልባል። አውሮፕላን የሚያሳርፍ ነው የሚመስለው፣ ደረቱን ነፍቶ… ልጅቷ ወደ ድሮ ቦታዋ ተመልሳለች። ቤት ውስጥ ማንንም መመርመር አቁሜያለሁ (ከእህቴ በቀር)።
ዛሬ ጠመኔ ወድቆብኝ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ትንሽዬ ጭንቅላት ብቅ አለች።
«ቲቸር፣ ውጣ። አይዞህ፣ አሁን ጨርቅ ብቻ ነው።»