አብሽ በሁዳዴ

የካቲት 5፣ ሐሙስ
አብሽ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ማታ እነክራለሁ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ውሃውን እጠጣለሁ። ምሬቱን ለምጄዋለሁ... ስኳሬም ወረድ ብሏል። ያስጀመረችኝ ዮሃና ናት። አሥራ አራት ዓመት ካዛንቺስ አንድ ቢሮ፣ ጎን ለጎን ጠረጴዛ። ከእህት በምን ትለያለች?

የካቲት 8፣ እሑድ
ነገ ሁዳዴ ይገባል። ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም። አብሹስ? ዮሃና ጋ ደወልኩ።
«እንዳታቋርጪ! አንድ ቀን ከዘለልሽ በቃ፣ ሦስት ወሩ ገደል ገባ።»
«አንቺስ?»
«እጠጣለሁ እንጂ! ማለቴ፣ እንደ መድኃኒት ቁጠሪው። እግዜር ልብ ነው የሚያየው።»
እሷም ከጠጣች...

የካቲት 9፣ ሰኞ
ጠጣሁ። አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ጾሜን ፈታሁ።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ
ዛሬም ጠጣሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተሳልሜ ተመለስኩ። መግባት አፈርኩ።

መጋቢት 4፣ ዓርብ
ልጻፈው።
ጠዋት ረፍዶብኝ አብሹን ቢሮ ይዤ ሄድኩ። አራት ሰዓት ላይ የዮሃና እህት ደሊና የቤት ቁልፍ ልትወስድ መጣች። ስጠጣ አየችኝ።
«ውይ ልዩ፣ አንቺ በጾም አታርፊም እንዴ? ዮሃናማ ከቅበላ ጀምሮ አልነካችውም። በየጾሙ እንደዚህ ናት።»
ዮሃና ኮምፒውተሯ ላይ አፈጠጠች። ቀና አላለችም።
ከሥራ ስንወጣ እንደ ወትሮው እስከ መስቀል አደባባይ በእግር ሄድን። ለምን? አልኳት።
«ስለማውቅሽ ነዋ! አንዴ ካቆምሽ አትመለሺም። ጂሙንስ በሁለት ሳምንት አልተውሽውም? ለጤናሽ ብዬ ነው።»
«ጾሜስ?»
መንገዱን ቀድማኝ ተሻገረች።
እኔን አስፈትታ እሷ ስትጾም ከረመች፣ ያውም አጠገቤ ቁጭ ብላ! ምሳዋን በዘጠኝ ሰዓት ስትከፍት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትለኝ ነበር። አምኛት... ሞኝ!

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ
እንቅልፍ የለም። ውሸቱስ ይሁን። እንደ ልጅ ነው ለካ የምትቆጥረኝ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ
አብሽ አልጠጣሁም። እስከ ዘጠኝ ጾምኩ። ምሳዬን ለብቻዬ በላሁ።

መጋቢት 25፣ ዓርብ
ስኳሬን ተለካሁ። ትንሽ ከፍ ብሏል። ደነገጥኩ። ነርሷ ግን፣ «በአንድ ልኬት አይፈረድም። ማረፍ ከፈለግሽ እረፊ፣ ክትትልሽን ብቻ እንዳታቋርጪ» አለችኝ። ይቺን ለማለት ምን ያስቸግራል? «እኔ በጾም አርፋለሁ፣ አንቺ እንደፈለግሽ» ብትለኝ ኖሮ... ምናልባት እኮ ራሴ ወስኜ፣ አብሹን እየጠጣሁ እጾም ነበር።

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ
ፋሲካም አለፈ። አብሹን እንደገና ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ። ቅዳሜና እሑድ አርፋለሁ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። አትመለስም የተባልኩት ሴትዮ ተመለስኩ!
ዛሬ ዮሃና ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ «አብሹን ጀመርሽ?» አለችኝ።
«አይ፣ ተውኩት።»
«አላልኩሽም!» ብላ ሳቀች።
እስከ ዛሬ ዋሽቻት አላውቅም ነበር። ወዲያው አመነችኝ። እኔም እንደዚሁ ነበር የማምናት።