ባል ከፍተው ያነበቡት የሚስት መጥሪያ

ለክቡር ዶክተር ሙዕተዝ፣
በፍርድ ቤታችን የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ዳይሬክተር፣
ዋዲ ሐማም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከቢሮዎ ጀርባ በቀዝቃዛ ክፍል ለሚያርፉት ኮምፒዩተሮችዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከዓይኔና ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

አዲሱን የፍርድ ቤት የኢንተርኔት ገጽ ሲያስመርቁ ከፊት ተቀምጠው ካጨበጨቡት ጠበቆች አንዷ ነበርኩ። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፣ በሰሊጥ የተጋገረውን ከዕክ በልቻለሁ፣ የምስክር ወረቀትዎንም ግድግዳዬ ላይ ሰቅያለሁ። ዛሬ እኛ ጠበቆች በዋትሳፕ ቡድናችን የምንለዋወጠው የማለዳ ሰላምታ እንኳ ተቀይሮ «እንዴት አደራችሁ» ቀርቶ «ገጹ ለማን ከፈተ?» ሆኗል፤ የከፈተለት ሰው ከተገኘም የሁላችንን አቤቱታ እሱው ያስገባልናል። ድሮ በችሎት የምንጣላ ሰዎች እንዲህ እንድንፈላለግ ስላደረጉን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማለቱ ድፍረት ነውና አድናቆቴን፣ እንደ ሥርዓቱ በቁጥር ላቅርብ።

፩. ደንበኛዬ ፋዲያ ከባሏ ከአቶ ነቢል ከተለያየች ወዲህ የሰባት ዓመት ልጇን ጁማናን ይዛ በእናቷ ቤት ትኖር ነበር። አቶ ነቢል ልጅቷን ለመውሰድ ክስ ሲመሠርቱ ገጽዎ በሚያስደንቅ ፍጥነት ለፋዲያ መጥሪያ ላከ። የላከበትን ቁጥር ያገኘው ከቤተሰቡ መዝገብ ሲሆን፣ እዚያ የሰፈረው ደግሞ በልማዳችን የአባወራው ስልክ ነው፤ ሚስትም፣ እናትም፣ ያላገቡ እኅቶችም በአንድ ሰው ስልክ እንደሚመዘገቡ ከራስዎ ቤት ያውቁታል። ስለዚህ የተከሳሿ መጥሪያ ለከሳሹ ደረሰ። ከሳሹም ከፍተው አነበቡት። ገጽዎም «ደርሷል፣ ተከፍቷል» ብሎ በአረንጓዴ መዘገበ። ስለ አረንጓዴው ቀለም አመሰግናለሁ፤ ዓይን አይጎዳም።

ፋዲያ በቀጠሮው ባለመገኘቷ ጉዳዩ በሌለችበት ተወሰነ፤ ውሳኔውም በዚያው ቁጥር ተነገራት። እሷ ያወቀችው የፍርድ አስፈጻሚዎች በሯን ሲያንኳኩ ነው። ልጅቷ ዛዕተር የተቀባ ዳቦዋን እንደያዘች ተወሰደች። ልጅ ለመውሰድ ሲሆን ፍርድ ቤታችን የሴቲቱን ቤት አላጣውም፤ በእግሩ መጥቶ፣ ያለ ስልክ ቁጥር አገኘው።

በማግሥቱ ቢሮዬ መጥታ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ኡስታዛ፣ እስቲ እዩልኝ፣ ምን ነክቶት ነው? እኔ እኮ ለሽንት እንኳ ስነሳ ይዤው ነው የምነሳው» አለችኝ። አየሁት፤ ከኢንተርኔት ጥቅል ማስታወቂያ በቀር አንድም መልእክት አልነበረውም። ስልኩ ምንም እንዳልነካው፣ እሷም ምንም እንዳላጠፋች ለማሳመን ብዙ ደከምኩ፤ ከሁሉ ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

፪. ቁጥሩን ላስቀይር ገጹን ከፈትኩ። ገጽዎ ለደህንነታችን ተጨንቆ «የማረጋገጫ ኮድ ልኬያለሁ፣ ያስገቡ» አለኝ። ኮዱ የተላከው ወደ ቀድሞው ቁጥር ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠቱ አልበቃ ብሎ ቁልፉንም ከጅቡ ለምኑ ተባልን ማለት ነው። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ለአቶ ነቢል ደወልኩላቸው። «ኮድ? የምን ኮድ፣ ኡስታዛ? እኔ እኮ በዚህ በቴክኖሎጂው ብዙም አይደለሁም» አሉኝ።

፫. በአካል ልሞክር ብዬ መዝገብ ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል ያለው ሠራተኛ ሻዩን ሳያስቀምጥ «ሲስተሙ ደርሷል ካለ ደርሷል፣ ኡስታዛ። ከሲስተም ጋር ልጣላ እንዴ? እኔም የልጆች አባት ነኝ» አለኝ። የልጆች አባት መሆኑ ደስ ብሎኛል። ፍርዱ እንዲነሳ ያቀረብኩት መቃወሚያም ጊዜው አልፏል ተብሎ ተመለሰ፤ ጊዜው የሚቆጠረው መልእክቱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ነውና። ማን ከፈተው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ድሮ መጥሪያ ያደርስልን የነበረው አቡ ሐይሰም፣ አልዋሽዎትም፣ ሰነፍ ነበር። ጣፋጭ ክናፋ ካልጋበዙት ፎቅ አይወጣም፣ ዝናብ ከጣለም ከቤቱ አይወጣም። ሆኖም አንዲትን ሴት ከባሏ ለይቶ ያውቃት ነበር። ይህ ችሎታ በቀጣዩ የገጽዎ ማሻሻያ ይታሰብበት ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።

፬. አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ። ደከመኝ፣ ክቡር ሆይ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼዋለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በሁለት ዓይኑ መዝገቡን ከፍቶ ከሳሹና ተከሳሿ በአንድ ስልክ ቁጥር እንደተመዘገቡ ይይልን። ከዚያ ፋዲያ አንድ ቀን ዳኛ ፊት ትቁም። የምትሸነፍ ከሆነም ሰምታ ትሸነፍ።

የይለፍ ቃሏን በየወሩ እንድትቀይር ስለታዘዘች በየወሩ የምትረሳው፣ የምስክር ወረቀትዎን አቧራ በየሳምንቱ የምትጠርገው፣ በእርስዎ ዝምታ ሳይሆን በራሷ ትዕግሥት የምትደነቀው፣

ታዛዥዎ፣
ጠበቃ ኢንቲሳር ኡበይዳት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት በገጽዎ በኩል ልኬልዎት ነበር። የመዝገቡን ቁጥር ስለጻፍኩበት ገጽዎ ግልባጩን ለፋዲያ አድርሷል፤ ማለትም «ደርሷል፣ ተከፍቷል»። ከእርስዎ እስካሁን መልስ የለም፤ አቶ ነቢል ግን ወዲያው ደወሉልኝ። «ኡስታዛ፣ እጅዎ ይባረክ፣ በሳቅ ገደሉኝ እኮ! የኮዷን ነገር ግን ትንሽ አበዙት» አሉኝ። ከኋላቸው የልጅ ድምፅ ሰማሁ። «ባባ፣ ማማ ናት? ስጠኝ፣ እኔ ላናግራት!» ትላለች።

«አይ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ የኔ ቆንጆ» አሏትና ስልኩን ዘጉት።