ምስኪን አልነበርሽም

ውድ እማማ ሜይ፣

ከተለየሽን አምስት ወር ሆነ። በእንግሊዝኛ ስናወራ አንቺና አንቱ የሚባል ነገር ስላልነበረን፣ አሁን በአማርኛ ስጽፍልሽ ምን ልበልሽ ብዬ ተቸግሬ ነበር። እናቴን አንቺ ነው የምላት፤ አንቺንም አንቺ ብዬሻለሁ።

ሲታክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ አብረን የሠራንበት ሆቴል እንዳለ ነው። በአንቺ ቦታ ጎበዝ ልጅ ተቀጥራለች፤ ግን አልጋ ስታነጥፍ እንዳንቺ አታንጎራጉርም።

በቀብርሽ ዕለት ያደረግኩትን ልንገርሽ። ልጅሽ ተነስቶ ስላንቺ ተናገረ። ከቻይና ከመጣሽ ጀምሮ የሰው አልጋ ስታነጥፊ እንደኖርሽ፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ሁለቱን ሴት ልጆቹን እንዳሳደግሽለት አወራ። እውነቱን ነው። ከዚያ እያለቀሰ፣ «ምስኪን እናቴ፣ አንድ ቀን እንኳን ደስ ሳይላት፣ ይቺን አገር ሳታያት ሞተች» አለ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ተነሳሁ። «ይቅርታ፣ ይሄ ልክ አይደለም። እኔ ደስ ሲላት አይቻታለሁ» አልኩ።

ያቺን ቀን ነገርኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቶ ገና ማባራቱ ነበር። ስምንተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ስትገልጪ በደመና ተሸፍኖ የከረመው ትልቁ ተራራ በረዶውን ለብሶ ፊት ለፊትሽ ቆሟል። ጮክ ብለሽ ጠራሽኝ። ገና አሁን ባነጠፍሽው አልጋ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እንድቀመጥ አጠገብሽን መታ መታ አደረግሽልኝ። አለቃችን በር ላይ ደርሳ ምን እየሠራችሁ ነው ስትለን እኔ ብድግ አልኩ፤ አንቺ ንቅንቅ አላልሽም። «ተራራ እያየሁ ነው። ሁለት ደቂቃ» አልሻት። ሁለት ደቂቃሽን ጨርሰሽ ተነሳሽ፤ አንሶላውን አስተካክለሽ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድሽ። የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሲሰጡሽም ፈረምሽና፣ «ኦኬ። ነገም ተራራው ከደመናው ከወጣ አያለሁ» ብለሽ ሳቅሽባቸው።

ይህን ተናግሬ ተቀመጥኩ። ልጅሽ ትክ ብሎ አየኝ፤ የተቀየመኝ መሰለኝ። ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን ግን መኪናዬ ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ሌላስ?» አለኝ።

ሌላማ ሞልቶ! አሁን በየእሁዱ ኮል ያደርግልኛል፤ ልጆቹም ስፒከር ላይ ሆነው ይሰማሉ። በእረፍት ሰዓት ከፓርኪንጉ ጀርባ እንጆሪ ስትለቅሚ ዩኒፎርምሽ በእሾህ መቀደዱን ስነግራቸው ትንሿ በሳቅ ሞተች። አባቷ አልሳቀም። «እኔ የት ነበርኩ?» አለ።

ወገብሽ ጎብጦ ነበር፣ እጅሽ በሳሙና ተልጦ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ለደስታሽ ከማንም ፈቃድ አልጠየቅሽም። እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም ፊቴ ቆሞ ምስኪን አይልሽም፤ ካለም እነሳለሁ።

ለመጪው እሁድ የምነግራቸውን አዘጋጅቻለሁ። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ጃንጥላሽን ገልብጠሽ የሚረግፈውን የቼሪ አበባ ስትቀበይበት፣ አውቶቡሱ ጥሎን ሲሄድ፣ አንቺ «ይሂድ!» ስትይ።