ላልቶና ጠብቆ፦ የለሜሳ ጀልባ ምንጣፍ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

አምቦ ውስጥ ጀልባ የቆመበት ግቢ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት አይሱዙ አውርዶልኝ ሄደ። የባጃጅ ሾፌሮቹ መሳቁ እስካሁን አልበቃቸውም። አንዱ «ደበበ፣ ሁሉቃ ወንዝ ሊሞላ ነው ብለው ነገሩህ እንዴ?» አለኝ። «ቲኬት መቁረጥ ጀምሬያለሁ፣ ተሰለፍ» አልኩት።

የእኔ ሥራ የባጃጅና የሚኒባስ ወንበር ማልበስ ነው። ጀልባ ነክቼ አላውቅም። ለለሜሳ ግን «ጀልባማ የለመድኩት ነው» አልኩት። ለሜሳ ደንዲ ሐይቅ ላይ ሰው ያሻግራል። (ሐይቅ የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። ይህን ለማወቅ የማታ ትምህርት ቤት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እዚህም መጻፌን ሰው ይወቅልኝ።)

የጀልባው ወለል ላይ ያለው ምንጣፍ ጀርባው ጎማ ነው። ነበር ልበል። ጎማው አርጅቶ እንደ ጥቁር ዱቄት ይረግፋል። ፊቱ ደህና ነው፤ ለጀልባው ልክ ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ ሌላ አይገኝለትም። ጎማው ከሌለ ግን ይንሸራተታል። አምና የለሜሳ እናት አዴ ብርቄ እዚሁ ምንጣፍ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ጀልባ አልረግጥም ብለዋል። እህታቸው ያሉት ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ዞሮ በእግር ለመሄድ ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እህትማማቾቹ ዓመት ሙሉ አልተያዩም። ለሜሳ ሲሄድ «እናቴ እንድትሳፈር አድርግልኝ፣ ሌላ ምንም አልልህም» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ መቼ እንደሚፈልገው በስልክ ጻፍኩለት። እኔ፣ በገዛ ጣቴ! መለሰልኝ፦ «ጀልባው የሚወጣው ገና ነው። አይዞህ።» ባለቤቴ ጫልቱ እንዳታነብልኝ ስልኩን ወደ ደረቴ አስጠግቼ ራሴ አነበብኩት። እስከ ስምንተኛ ስለተማረች ሃያ ዓመት ሙሉ ያነበበችልኝ እሷ ናት። አሁን በቃ፣ ጡረታ ወጥታለች።

ገና ከሆነ ጊዜ አለኝ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ምንጣፉን አነሳሁት። ሦስት ቁራጭ ነው፤ የፊት፣ የመሐል፣ የኋላ። የኋላው ሞተሩ ሥር ስለሚተኛ ዘይት ጠጥቷል።

ከሥሩ ያገኘሁት፦ አንድ የጆሮ ጌጥ፣ ሦስት ቁልፍ፣ ብዙ ቆሎ፣ አንድ ጥርስ። ጥርሱ የሰው ይመስላል። ለሜሳን አልጠየቅሁትም።

አሮጌውን ማስቲሽ ለማስለቀቅ ጎማው ላይ ቤንዚን ጠብ አደረግሁበት። ጎማው ማስቲካ ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። በቢላ መፋቅ ይሻላል። ሰው ከጠየቀኝ ግን «ቤንዚን ፈጽሞ አይነካውም!» እላለሁ፣ ከጥንት ጀምሮ እንደማውቅ አድርጌ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

አጠብኩ። በዱቄት ሳሙና፣ በብሩሽ፣ በጉልበት። ሰማያዊ ምንጣፍ ነው ለካ! እኔ ግራጫ መስሎኝ ነበር። ለሜሳም ሳይመስለው አይቀርም።

ጥላ ላይ ሰቀልኩት። ፀሐይ የቀረውን ጎማ ይሰነጣጥቀዋል። ጥላ ይዘገያል፤ ይዘግይ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ጊንጪ ሄድኩ። አሮጌ ከመነዳሪ ፈልጌ ነው፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ገብቶ አየር የሚሞላውን። እሱን ቀድጄ አዲስ ጀርባ አድርጌ ልለጥፍለት አስቤያለሁ። የማን ሐሳብ? የእኔ።

መንገዱን ሙሉ የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በመጨረሻ «ወንድሜ፣ እኛም እኮ ዓይን አለን» አለኝ። ሁለት ሰሌዳ አልፎ እንደገና ጀመርኩ።

ጎሚስታው አራት የጭነት መኪና ከመነዳሪ ሰጠኝ። እህቴ ቤት ሽሮ በልቼ፣ ስለ ጀልባው አውርቼ፣ አመሻሽ ላይ ተመለስኩ። ምን ያስቸኩለኛል?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25

ጉድ ፈላ።

ቁርስ ላይ ጫልቱ «የሰውዬው ጀልባ መቼ ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ስልኩን ዘርግቼ «አንብቢ፤ ገና ነው ይላል» አልኳት። አነበበች። «ታዲያ እኮ ገና ነው!» አለች።

«አዎ፣ ገና ነው።»

«ገና አይደለም፣ ገና!»

ሁለታችንም አንድ ቃል ይዘን ተፋጠጥን። በኋላ ገባኝ። እኔ አላልቼ ነው ያነበብኩት፤ ብዙ ጊዜ ይቀረዋል ብዬ። እሷ «ና»ን አጠበቀቻት፤ በዓሉ! የልደት ቀን! ማክሰኞ! ፊደሉ ግን ያው ነው፣ አንድ ነጥብ እንኳ አይለይም። የማታ ትምህርት ቤቷ መምህርት ትዕግስት «ሳታጠብቁና ሳታላሉ ቃል አትመኑ» ስትለን ከኋላ ወንበር የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

«ተሳስቼ ነው» ከማለት ብዬ ለሜሳ ጋ ደወልኩ። «ለመሆኑ አይሱዙው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ሰኞ አራት ሰዓት ላይ። ማክሰኞ ከቅዳሴ በኋላ እናቴን ማዶ ላሻግር ነው። በስንት ልመና እሺ አለች መሰለህ! ምንጣፉን ስታይ ትወስናለች። ደርሷል አይደል?»

«ኧረ እየተብረቀረቀ ነው!» አልኩ። እየተንጠባጠበ ነበር።

ጫልቱ አልሳቀችብኝም። ቢላውን ሞርዳ አመጣችልኝ። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

የዛሬ ሥራ፦

ከመነዳሪውን መቅደድ። (ጫልቱ ከእኔ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች። እዚህ ብቻ ነው የማምነው።)

የቀረውን አሮጌ ጎማ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ።

ሁለቱንም ወገን ማስቲሽ መቀባት። ጣት ላይ መለጠፉን እስኪተው መጠበቅ። ይህ ነው የሚያሳብደው፤ ከቸኮልክ አየር ይይዝና ይነፋል። ተጭኖ ድንጋይ ይደረግበታል፣ አንድ ቀን ሙሉ።

የፊቱ አለቀ። የመሐሉም አለቀ። የኋላው ዘይቱ አልወጣለትም፤ ዘይት ላይ ማስቲሽ አይዝም። እንደገና አጠብኩት። ሦስተኛ ጊዜ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27

እሑድ መሥራቴን እግዜር ያውቃል። ምክንያቱንም ስለሚያውቅ ብዙ አልከራከርም።

የፊቱንና የመሐሉን ጀልባው ላይ አነጠፍን። ፈተናውን ራሴ አወጣሁ፤ ውሃ ደፋሁበት፣ ዱላ ያዝኩ፣ አዴ ብርቄን ሆኜ እያነከስኩ ሄድኩ። ጫልቱ ሳትነግረኝ ከኋላ ገፋችኝ። እኔ ተንገዳገድኩ፤ ምንጣፉ ግን ንቅንቅ አላለም! አጥር ላይ ሆነው የሚያዩት ባለባጃጆች አጨበጨቡ። እጅ ነሳሁ።

የኋላው አሁንም እርጥብ ነው። በየሰዓቱ እየሄድኩ እነካዋለሁ፣ እንደ ታማሚ ግንባር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ሌሊቱን ደርቆ አደረ። ጎህ ሲቀድ ለጠፍኩት። አራት ሰዓት ላይ አይሱዙው መጣ። ሁሉም ይዟል፤ ሞተሩ ሥር ያለችው አንድ ጥግ ብቻ ቀረች። ስጫናት ትተኛለች፣ ስለቃት ቀና ትላለች።

ለሜሳ «አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፣ መመለስ ግን አልቻልኩም። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ አነጣጠፉን ላሳይህ» ብዬ ዘልዬ አይሱዙው ላይ የተጫነው ጀልባ ውስጥ ገባሁ፣ ጥጓም ላይ ተቀመጥኩባት። ጊንጪን በጀልባ ያቋረጥኩ የመጀመሪያው ሰው ነኝ። ገበያተኛው እጁን ሲያወዛውዝልኝ እኔም እንደ ባለሥልጣን አወዛወዝኩ። እየሄድን ግን የማስበው ጥጓን ነበር። አምና አሮጊቷን የጣለው ምንጣፍም «ደህና ነው» የተባለ ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ ደንዲ ዳር

አዴ ብርቄ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። አንድ እጃቸው የለሜሳ ትከሻ ላይ፣ አንዱ ዱላው ላይ። ጀልባው አፍ ላይ ቆሙ። እኔ ኋላ ጥጌ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ አዴ።»

«አንተ ከሆንክ ምን ጎለተህ? ተነስና በፊቴ ሂድበት፣ ልይህ።»

ከተነሳሁ ጥጓ ልትነሳ ነው። ለሜሳ ያየኛል። ቀልድ ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣልኝም። «አዴ፣ ሌላው ሁሉ ይዟል። ይህቺ ጥግ ግን አልያዘችም። ትናንት አለቀ ያልኩት ውሸት ነው» አልኩ። ተነሳሁና አሳየኋቸው። ጥጓም እንደተጠራች ቀና አለች።

ለሜሳ ፊቱ ጠቆረ። «አንተ ሰው!» አለ። እናቱ ግን በእጃቸው ዝም አሰኙት። ጥጓን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጓት። ከዚያ ሌላውን ወለል፣ ጠንከር አድርገው።

«አምና እንዲህ ብሎ ያሳየኝ ቢኖር ኖሮ» አሉ። ገቡ። አምስት እርምጃ፤ ቆጠርኩ። ሲቀመጡ የበዓል ዳቦ የያዘውን ትልቁን ዘንቢል ለእኔ አቀብለው «እዚያች ላይ አስቀምጠው» አሉኝ።

መሐል ላይ ነፋስ መጣና ጀልባው ተወዛወዘ። ምንጣፉ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ግን እስክንደርስ ዘንቢሉን በሁለት እጄ ተጭኜ ነበር። ማዶ እህታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ገብተው ነበር የሚጠብቁት። የተባባሉትን አልጽፍም፤ ብዙውም ለቅሶ ነበር። አዴ ብርቄ ዞር ብለው «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። ለሜሳ ፊቱን ሳያዞርልኝ ጀልባውን አሰረ።

አዴ ብርቄ እስከ ሐሙስ ድረስ እህታቸው ዘንድ ይቆያሉ። ሲመለሱ ዘንቢሉ ባዶ ነው፤ ጥጓን የሚጫናት አይኖርም። ስለዚህ እኔም እዚሁ ሐይቁ ዳር ቀርቻለሁ። ጥጓን ፈግፍጌ እንደገና ቀባኋት። ለሜሳ ቅድም ሳይናገር አንድ ድንጋይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። እንደ እርቅ ቆጥሬዋለሁ፤ ልክ መሆኔን ግን አላውቅም። ድንጋዩ ትንሽ ስላነሰ ይህን የምጽፈው በግራ እግሬ ጥጓን እንደረገጥኩ ነው።