የማራገቢያው ወረቀት

ጥር 14፣ ሐሙስ ጠዋት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱ ለቀቅ አደረገሽ? እናትሽ ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ናት። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ጉልቤ ሞተ። ያ የሥራ ጓደኛዬ፣ ትንሽ ሳለሽ እሽኮኮ አድርጎ እስከ ፋብሪካው በር የሚያመጣሽ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የትልቁ ማራገቢያ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተሰባብሮ ዘንጉ ተፈናጥሮ ወጣ። እሱ አጠገቡ ግራሶ እየሞላ ነበር።

ከመሄድሽ በፊት የገጠምሽልን የንዝረት መለኪያ ከሦስት ሳምንት በፊት ተናግሮ ነበር። "አባዬ፣ መስመሩ እዚህ ጋ ቀጥ ብሎ ከወጣ ኩሽኔታው ውስጡን ተሰንጥቋል፤ ጆሮ እስኪሰማው አትጠብቅ" ብለሽኝ የለ? ወጣ። መለኪያው ያተመውን ወረቀት ለአለቃችን አሳየሁት። "እሱን ተወውና ያንተ ጆሮ ምን ይላል?" አለኝ። ታውቂያለሽ፣ እዚህ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ሳልፈርድ ማሽን ቆሞ አያውቅም። ካቻቢቴዬን ኩሽኔታው ላይ ተክዬ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስደገፍኩ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ያየኛል። "ጤነኛ ነው፣ ይዙር" አልኩ።

ልጄ፣ ምንም አልሰማሁም። ቀኝ ጆሮዬ ከደነቆረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ግራውም እየተከተለው ነው። አልሰማም ማለት አፈርኩ። ጉልቤማ "እሱ ካለ አለቀ" ብሎ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

አሁን አጣሪዎቹ ግራሶ በወቅቱ ስላልሞላ ነው እያሉ ሟቹ ላይ ሊያላክኩ ነው። ሚስቱ ትናንት እጄን ይዛ፣ "አንተ ታውቀዋለህ፣ ሥራ የሚያጓድል ሰው ነበር?" አለችኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን አስለቅቄ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እንደ ትናንት ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

ዛሬ ከሰዓት ተጠርቻለሁ። ወረቀቱን አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ፤ ካሰሩኝም ይሰሩኝ። ለእናትሽ ገና አልነገርኳትም። ሐሳቤን እንዳልለውጥ ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ ፖስታ ቤት ጥዬ ነው የምገባው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ አትደውይልኝ፣ ጻፊልኝ። እሁድ እሁድ "እሺ ልጄ፣ እሺ" የምልሽ እንዲሁ ነው። ባለፈው ብዙ አወራሽኝ፤ እየሳቅሽ ይሁን እያለቀስሽ አላወቅሁም።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ከእኔ ዓይነቱ ኩራት ይሰውርሽ።

አባትሽ