ሄልሜት ለማያስፈልገው ጭንቅላት

ለተከበሩ አቶ ግዛው፣
የማኅበረሰባችን የወጣቶች ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ኦሮራ

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ ይሁን እያልኩ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ኃጢአቴን በተሰበረ ልብ እናዘዛለሁ፦ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ህንድ አገር ተማሪ ሳሉ ስላዩት፣ የዓለም ዋንጫን ስለወሰደው የ1983 የህንድ ክሪኬት ቡድን ሲተርኩልን፣ «አዎን፣ አዎን» እያልኩ አንገቴን የነቀነቅኩት በመስማማት ሳይሆን በእንቅልፍ ነበር።

ስነቃ ግን ፍርዱ ተሰጥቶ አገኘሁት። የያኔው ቡድን የዛሬውን እንደሚያስከነዳ ለማሳየት እርስዎ ራስዎ ቅዳሜ ሎውሪ ሜዳ ላይ የክሪኬቱን ዱላ ይዘው ሊቆሙ ነው፤ እንደ ያኔዎቹ፣ ያለ ሄልሜት። ኳሱን የምወረውረው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ አቤቱታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. «በእኛ ጊዜ ክሪኬት የሚጫወቱት በጭንቅላት ነበር» ብለዋል። እኛንም ያስፈራን ይኸው ነው። ኳሱ ቆዳ የለበሰ ድንጋይ ስለሆነ፣ አስተዋይን ከግንባሩ ለይቶ አያውቅም።

፪. ጋሽ ወልደሚካኤል «በሰማንያ ሦስት? ደርግ ሲወድቅ የምን ጨዋታ ነው?» ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን እርስዎ እስኪያስረዷቸው ምሳችን ቀዘቀዘ። ሁለት ቡድን ልናወዳድር ተቀምጠን ስምንት ዓመት ጠፍቶብን ስንፈልግ ዋልን፤ ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን።

፫. «ራርታችሁ ቀስ ብላችሁ ብትወረውሩ አውቃለሁ፤ ሜዳውን እነጥቃችኋለሁ» ማለትዎም ደርሶናል። ስለሰጡን ምርጫ ምስጋናችን የላቀ ነው፦ ወይ ሜዳችን፣ ወይ እርስዎ። ባለፈው ሳምንት የወረወርኩት ኳስ የቡድን ጓደኛዬን የአቤልን ሄልሜት ሰንጥቆታል። ሄልሜቱን ጣልነው። አቤልን መጣል አላስፈለገንም።

፬. ባለቤትዎ እትዬ እታለም ቅዳሜ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነርስ መሆናቸውን ስሰማ ፈጣሪን አመሰገንኩ። እርስዎ ሊጠይቋቸው ባይመችዎ እንኳ፣ እኛ ይዘንዎት እንሄዳለን።

የድሮዎቹ ባዶ ግንባራቸውን የቆሙት ጀግኖች ስለነበሩ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን እኮ ታሪኩን ሲያወሩ የምንሰማው ያልተመቱትን ነው። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ መወርወር አልችልበትም።

ለዘመንዎ ክብርን፣ ለግንባርዎ ዕድሜን የምመኝ፣ ከመወርወሬ በፊት ሦስቴ የማማትብ፣
ትሑት ልጅዎ ሔርሜላ

ማስታወሻ፦ ይህን የምጽፈው ከኮሚቴው ቢሮ ነው፤ አንድ ሄልሜትም ጠረጴዛዎ ላይ ትቼልዎታለሁ። ልኩን የገመትኩት ስለ ራስዎ ሲናገሩ ከሰማሁት ተነስቼ ስለሆነ፣ ከሱቁ ትልቁን ነው የገ…

እርስዎ ነዎት፣ በመስኮቱ የሚጠሩኝ፦

«ሔርሜላ! አንቺ ሔርሜላ! ምንድን ነው እዚያ የምትሞነጫጭሪው? ኳሱን ይዘሽ ነይ ውጪ! ቅዳሜን ማን ይጠብቃል፤ ፓርኪንጉ ላይ ባዶ ራሴን ቆሜልሻለሁ!»